የደበቅሁት ዛጎል

ሰው ታሞ ሲድን የሚጽፈው ለማመስገን ነው። ምስጋናው እኔም አለብኝ። ግን አንድ ጊዜ ማይክሮፎን ይዤ አመስግኜ ጉድ ሠርቻለሁና አሁን በእሱ አልጀምርም። የምጀምረው በማፍርበት ነገር ነው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ በሽታዬን ሸሽጌ ድኛለሁ። ፍዳውን ያየችልኝ ሌላ ሴት ናት።

ማርታ እባላለሁ። መካኒሳ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ፤ አብዛኛው ሥራዬ የመዘምራን ልብስ ነው። ባለቤቴ ደሳለኝ ከጀሞ ሜክሲኮ ታክሲ ይነዳል። ቤተ ክርስቲያናችን ከሱቄ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ነው። እዚያ የእህቶች ጸሎት መሪ ነኝ፤ ነበርኩ ልበል። ሰው መገሠጽ ይቀናኛል። ባሌ ሲቀልድ «አንቺ ገነት ብትገቢም የመላእክቱን ክንፍ ስፌት ታርሚያለሽ» ይለኛል።

ባለፈው ዓመት አንዲት አዲስ ያመነች ልጅ አራስ ልጇን ታቅፋ ጸሎት መጣች። በሕፃኑ እጅ ላይ ዛጎል በክር ታስሮ አየሁ። ከቡዳ ይጠብቀው ብላ አያቱ ያሰረችለት ነው። እኔ በሰው ሁሉ ፊት ከቦርሳዬ መቀስ አውጥቼ ክሩን ቆረጥኩት። «የጠንቋይ ዕቃ ይዘሽ የጌታ ቤት አትገቢም!» አልኳት። ልጅቷ አንገቷን ደፋች፤ ብዙዎች አሜን አሉ። እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ገባሁ። ይህን ያስቀደምኩት በኋላ አፌን ምን እንደዘጋው እንዲገባችሁ ነው።

ከሱቄ ጎን የጽጌ ሱቅ አለ። ጽጌ ክር፣ ዚፕ፣ ቁልፍና ላስቲክ ትሸጣለች። የጎጃም ልጅ ናት፤ ረቡዕንና ዓርብን ብትታመም እንኳ አትገድፍም። በሃይማኖት አንገጥምም፤ በቀረው ሁሉ ግን ስምንት ዓመት እንደ እህትማማች ኖረናል። ክር ሲያልቅብኝ የመሃላችንን ግድግዳ በመቀስ እጀታ ኳ ኳ አደርጋለሁ፤ እሷ ቀለሙን እንኳ ሳትጠይቅ ይዛልኝ ትመጣለች። የያዝኩትን ጨርቅ ጠዋት አይታዋለቻ።

ጅቡቲ የምትኖር ታናሽ እህት አለቻት። እህቷ ስትወልድ ጽጌ ለአራስ ጥየቃ ልትሄድ ተነሣች። «አብረሽኝ ነይ። ባሕር ሳታዪ ልትሞቺ ነው?» አለችኝ። ደሳለኝም ሂጂ አለኝ። ከለቡ ባቡር ተሳፍረን ሄድን።

ባሕር ምን እንደሚመስል ልነግራችሁ አልችልም። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው ጸሎት ጠፍቶብኝ ዝም ብዬ ቆምኩ። ልንመለስ አንድ ቀን ሲቀረን፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ውሃው ወደ ኋላ ሸሽቶ ድንጋዩና አሸዋው ተገልጦ ነበር። ጽጌ ለእህቷ ልጆች ትንንሽ ዛጎል ትለቅማለች።

«ጽጌ፣ ተይ። የጠንቋይ ዕቃ ነው» አልኳት።

«የጠንቋይ ከሆነ ፈጣሪ ባሕር ሙሉ ምን አደከመው?» አለችኝና እየሳቀች መልቀሟን ቀጠለች።

ትንሽ ራቅ ስትል ነው ያየሁት። ከድንጋይ ሥር፣ በቀረችው ጥቂት ውሃ ውስጥ ተኝቷል። ከጣቴ ርዝመት ይበልጣል፤ በአንድ በኩል ሰፋ፣ በሌላው በኩል ሾል ያለ ነው። መደቡ ወርቅማ ቡናማ ሲሆን በላዩ ላይ ነጫጭ ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጾች ተደራርበዋል፤ በመሃላቸው ቀጫጭን ጥቁር መስመር ይሮጣል። አንድ ጎበዝ ሸማኔ የጥበብ ጥለት ሠርቶ ድንጋይ ላይ የለበጠው ይመስላል። ሃያ ዓመት ልብስ ስሰፋ እንዲህ ያለ ንድፍ አላየሁም። ለመዘምራኑ አዲስ ልብስ ደረት ላይ ልጠልፈው ተመኘሁ። ጽጌ እንዳታየኝ ዘወር ብዬ አነሣሁትና በሻሼ ጠቀለልኩት። ደርቀው ባየኋቸው ዛጎሎች ላይ ቀለሙ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ ሻሹን ባሕሩ ውስጥ ነክሬ በላስቲክ ከረጢት አሰርኩት። ሕይወት ያለው ነገር ይሆናል የሚል ሐሳብ በጭራሽ አልመጣብኝም።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ባቡር ላይ ነበርን። ጽጌ እህቷ የሰጠቻትን የቆርቆሮ ቱና ከፍታ ከዳቦ ጋር ሰጠችኝ። እሷ ጾም ስለሆነ በዳቦና በሙዝ ዋለች። ይህች ቱና በኋላ ብዙ ነገር ታመጣለችና ልብ በሉልኝ።

ሐሙስ ጠዋት ሱቄን ከፈትኩና መጋረጃውን ዘጋሁ። ዛጎሉን ከሻሹ አወጣሁት፤ አሁንም እንደረጠበ ነው፤ ቀለሙ እንዳለ አለ። በቀኝ መዳፌ ያዝ አድርጌ፣ በግራ እጄ ንድፉን ወረቀት ላይ መገልበጥ ጀመርኩ። ግራኝ ነኝ። ጥቂት መስመር እንዳስመርኩ መዳፌን ጠቅ አደረገኝ።

መርፌ ነው ያልኩት። ልብስ ሰፊ ሴት መወጋት ብርቋ አይደለም። ዝቅ ብዬ ሳይ ግን ከሾለው ጫፍ በኩል ቀጭን፣ ለስላሳ ነገር ወደ ውስጥ ሲሰበሰብ አየሁ። ጣልኩት። መዳፌ ላይ ደም የቋጠረች ነጥብ አለች፤ ዙሪያዋ ይለበልባል፤ ከዚያ ደግሞ መደንዘዝ ጀመረ።

ያን ጊዜ ማንኛውም ጤነኛ ሰው «ድረሱልኝ» ይላል። እኔ መጀመሪያ ያደረግኩት መደበቅ ነው። ዛጎሉን በሻሹ ጠቅልዬ ቁርጥራጭ ጨርቅ የሞላበት ማዳበሪያ ውስጥ ከተትኩ፤ አፉን ቋጠርኩ። የሰፈሩ ቆሻሻ ሰብሳቢዎች የሚመጡት ሐሙስ ነው። በራሴ እጅ አስረከብኳቸው። እነዚያ ሴቶች እጃቸውን ከተውበት ቢሆንስ ብዬ ያሰብኩት ከሳምንታት በኋላ መሆኑን ስጽፍ ብዕሩ ይከብደኛል። ሄጄ ጠየቅኋቸው፤ ደኅና ናቸው፤ ምን ሆነሽ ነው የምትጠይቂን ብለው ሳቁብኝ።

ተቀምጬ ሥራዬን ልቀጥል አልኩ። መርፌ ላይ ክር ላስገባ ስል ሁለት መርፌ ታየኝ። ክንዴ እስከ ትከሻዬ የኔ አልመስል አለኝ። ከንፈሬ ደነዘዘ፤ የጥርስ ሐኪም ማደንዘዣ የወጋኝ ያህል። የዐይኔ ሽፋን እየከበደ ይወርዳል። እንቅልፍ አይደለም፤ ልክፈተው ብል እምቢ ይለኛል። ግድግዳውን በመቀስ መታሁት።

ጽጌ ቀይ ክር ይዛ ገባች። አየችኝና ክሩን ወለሉ ላይ ጥላ «ማርታዬ! ምን ሆንሽብኝ?» ብላ በሁለት እጇ ፊቴን ያዘች። ሱቋን ክፍት ትታ፣ ደግፋ፣ ግማሽ መንገድ ደግሞ ተሸክማኝ ባጃጅ ውስጥ አስገባችኝ።

በመጀመሪያው ክሊኒክ ደም ወስደው «ታይፎይድ ነው» አሉ። በዚህ ከተማ ታይፎይድ የሌለበት ሰው ያለ አይመስለኝም። ግሉኮስ ሰቀሉልኝ። ነርሱ፣ እግዚአብሔር ይስጠው፣ «የነከሰሽ ወይም የወጋሽ ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ያን ጊዜ ምላሴ ቢተሳሰርም ገና ይናገር ነበር። ጽጌ አጠገቤ ቆማለች። በባሕሩ ዳር የገሠጽኳት ሴት። «ምንም የለም» አልኩ። በመጨረሻው ድምፄ የተናገርኩት ይህን ነው።

ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ደርሰን ደሳለኝም መጥቶ ነበር። ስትሮክ ነው ተባለ፤ ማለትም ደም ወደ አንጎል መሄድ ሲቋረጥ የሚመጣው ሽባነት። የጭንቅላት ራጅ ተነሣሁ፤ ንጹሕ ነው። በዚህ መሃል አተነፋፈሴ እያጠረ ሄደ። ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠ ይመስለኛል፤ ሰውየው ደግሞ በየደቂቃው ይወፍራል። ጽኑ ሕሙማን ክፍል አስገብተው በጉሮሮዬ ቱቦ አስገቡና ማሽን ይተነፍስልኝ ጀመር።

ከዚህ በኋላ ሁሉም ሰው እንደተኛሁ አሰበ። አልተኛሁም። ዐይኔ አይከፈትም እንጂ ጆሮዬ ከመቼውም ይበልጥ ይሰማል። ማሽኑ እፍ ይላል፤ ዝም ይላል። በዝምታው መሃል «አሁንስ ረሳኝ» እያልኩ እፈራለሁ። አንዲት ነርስ ነበረች፤ ስሟን ሳላውቀው ቀረሁ። በፈረቃዋ ሁሉ መጥታ ግንባሬን በእርጥብ ጨርቅ ትጠርግና «አለሁ፤ እየተነፈስሽ ነው» ትለኛለች። ከመድኃኒቱ ሁሉ የጠቀመኝ ይኸ ነው።

የምታክመኝ አንዲት ወጣት ዶክተር ደሳለኝን ስትጠይቀው ሰማሁ። «ባለቤትዎ ሰሞኑን በቆርቆሮ የታሸገ ምግብ በልተዋል? የተበላሸ ቆርቆሮ ውስጥ አንዳንዴ ነርቭ የሚያስር መርዝ ይፈጠራል። ከዐይን ሽፋን ይጀምርና ወደ ታች ይወርዳል። የእርሳቸው እሱን ይመስላል።»

ደሳለኝ ወጥቶ ጽጌን ጠየቃት፤ በሩ ክፍት ስለሆነ ይሰማኛል። እሷ እኔ ከገባሁ ጀምሮ ከመጠበቂያው አግዳሚ ወንበር አልተነሣችም ነበር። አልደበቀችውም። «ቱና ሰጥቻታለሁ» አለችው። «አንቺስ በላሽ?» አላት። «ረቡዕ ነበራ!» አለች።

ይህን የምታነቡ እናንተ ረቡዕ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ደሳለኝም ያውቃል። ግን ሚስቱ ልትሞት ነው፤ የጸሎት እህቶቼም በኮሪደሩ ሞልተዋል። አንዷ «ራሷ አልቀመሰችውም?» አለች። ሌላዋ «ሰው ሁሉ የሚገባው ወደ ማርታ ሱቅ እኮ ነው፤ ቅናት ይሆናል» አለች። የተበላሸው ቆርቆሮ ኮሪደሩን አቋርጦ አልጋዬ አጠገብ ሲደርስ ያበላችኝ መርዝ ሆኖ ነበር።

በሁለተኛው ቀን የግራ እጄ ጣቶች መንቀሳቀስ ጀመሩ። ነርሷ «አዎ ከሆነ ጨበጥ አድርጊ፤ አይደለም ከሆነ ተዪው» ብላ አስተማረችኝ። ደሳለኝ አጠገቤ ተቀምጦ እጄን ያዘ።

«ማርቲ፣ ትሰሚኛለሽ? ባቡር ላይ ያበላችሽ ጽጌ ናት አይደል?»

ጨበጥኩት።

«እሷ አልቀመሰችውም፣ አይደል?»

ጨበጥኩት።

ሁለቱም እውነት ነው። በሁለት እውነት አንድ ውሸት ሠራሁ። ጣቶቼን ብተዋቸው፣ ብዘረጋቸው፣ ምንም ባላደርግ እንኳ ይጠረጥር ነበር፤ ሌላ ጥያቄ ይጠይቅ ነበር። እኔ ግን በጨለማው ውስጥ ሆኜ አሰብኩ፦ ከሞትኩ ማንም ስለ ዛጎሉ አያውቅም፤ ከዳንኩም ማንም አያውቅም። ያን የሕፃን ክር የቆረጥኩበት መቀስ ትዝ አለኝ። ጨበጥኩ።

ደሳለኝ ወጣ። ጽጌ ለእሱ ሾርባ በፔርሙስ ይዛ መጥታ ነበር። ደሳለኝ በሕይወቱ በሰው ላይ ጮኾ የማያውቅ ሰው ነው፤ ተሳፋሪ ሒሳብ ሳይከፍል ቢወርድ እንኳ ስቆ ያልፋል። ያን ቀን ግን «መርዝሽን ይዘሽ ከዚህ ጥፊ!» ሲል ሰማሁት። ፔርሙሱ ወድቆ ሲሰበር ሰማሁ። ከዚያ የጽጌ እርምጃ በኮሪደሩ እየራቀ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ራሴን ችዬ ተነፈስኩ። በስምንተኛው ቀን ተደግፌ ቤቴ ገባሁ። ዶክተሯ ከመውጣቴ በፊት ብቻዬን አግኝታኝ «የቆርቆሮው መርዝ እንዲህ ቶሎ አይለቅም፤ ሳምንታት፣ ወራት ይወስዳል። ያልነገሩኝ ነገር ይኖር ይሆን?» አለችኝ። «ጌታ ፈወሰኝ» አልኳት። እሱም እውነት ነው። የራሴን ውሸት ለመሸፈን የጌታን ስም ስጎትት ግን ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ጉልበቴ ሲመለስ እሑድ ለምስክርነት መድረክ ላይ ወጣሁ። በኛ ዘንድ የዳነ ሰው ይመሰክራል፤ ምስክርነቱም በውጭ ባለው ድምፅ ማጉያ እስከ ታክሲ ተራው ድረስ ይሰማል። «በወዳጅ ማዕድ ከቀረበልኝ ሞት አዳነኝ!» አልኩ። ስም አልጠራሁም። መጥራትም አያስፈልገኝም ነበር። እልልታው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። በመስኮቱ በኩል ማዶ የጽጌ ሱቅ ይታየኛል። በሩ ላይ ቆማ ነበር። ጥቂት ቆየችና መጋረጃዋን ጣለች።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ ልናገር፤ ሲረዝም ያሳፍረኛል። ደንበኞቼ ዚፕና ቁልፍ ከሌላ ቦታ ገዝተው ይመጡ ጀመር። እናቶች ልጆቻቸው ከጽጌ ከረሜላ እንዳይቀበሉ ከለከሉ። እኔ ክር ሲያልቅብኝ መቀሱን አነሣና መልሼ አስቀምጠዋለሁ። የሁለታችንም ሱቅ አከራይ ጋሽ ማቴዎስ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው ደግሞ በወሩ መጨረሻ ሱቁን እንድትለቅ ነገሯት። «ሰላም እንዲሆን ብዬ ነው» ብለው ለኔ ሲነግሩኝ አመስግኛቸው አረፍኩት! ጽጌ ቁልፎቿን በየቀለማቸው ለይታ ካርቶን ውስጥ ስታሽግ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የምትባለው እኔ ነኝ። ግን መናገር አልቻልኩም። እየደጋገምኩ «ነገ» እላለሁ።

ለክትትል ሆስፒታል ስመለስ ሁለት ሰዓት ያህል ተራ ጠበቅኩ። አጠገቤ አንዲት እናት ነበሩ፤ ልጃቸው ምን እንደነካው ሐኪም አላገኘለትም። «ምነው አንድ ሰው በነገረኝ፤ የፈለገው ይሁን ብቻ ባውቀው» አሉኝ። እኔ የራሴን አውቃለሁ፤ አውቄ ደግሞ በላዩ ተቀምጫለሁ። ተራዬ ደርሶ ስገባ ዶክተሯ የቀኝ መዳፌን ገልብጣ አየች። ነጥቧ ጠቁራ ቀርታለች።

«ይህ ምንድን ነው?» አለችኝ።

ነገርኳት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ባሕሩን፣ ሻሹን፣ ማዳበሪያውን፣ የጨበጥኩትን እጅ። ዶክተሯ ስልኳን አውጥታ ትንሽ ፈለገችና ፎቶ አሳየችኝ። እሱ ነው። ያ ጥለት።

«የባሕር ቀንድ አውጣ ነው» አለችኝ። «ይህኛው ሌሎች ቀንድ አውጣዎችን እያደነ ነው የሚበላው። ጥርሱ እንደ ሐኪም መርፌ ቀዳዳ አለው፤ መርዙን በእሱ ይወጋል። የታደነው ነገር መሸሽ ያቅተዋል። እርስዎ የያዙት ቤቱን ነው፤ ባለቤቱ ውስጥ ነበር።»

«ያን ቀን ብነግርሽ መድኃኒት ነበረው?»

«ማርከሻ የለውም። ያው መርዙ እስኪለቅ በማሽን ማስተንፈስ ነበር የምናደርገው» አለችኝና ስልኳን አስቀመጠች። «ቱናው ግን አይነሣም ነበር።» ከዚያ በላይ አልተናገረችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ለደሳለኝ የነገርኩት ታክሲው ውስጥ፣ ተራ ሲጠብቅ ነው። መሪውን ይዞ ሰምቶ ጨረሰ። «አንቺስ ታመሽ ነው፤ ፈርተሽ ነው። እኔን ምን አደረግሽኝ?» አለኝ። «የአንዲት ምስኪን ሴት ሾርባ አስደፋሽኝ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ለብዙ ጊዜ ራት ላይ ከ«አቀብዪኝ» በቀር ቃል አልነበረንም። ለጽጌ ይቅርታ ሊጠይቃት ከኔ ቀድሞ ሄደ፤ ምን እንደተባባሉ እስካሁን አልነገረኝም።

በማግስቱ እኔ ሄድኩ። ጽጌ ላስቲክ በሜትር እየለካች ነበር። ቆሜ ነገርኳት። እያለቀስኩ ነገርኳት፤ እሷ ግን አላለቀሰችም። ላስቲኩን ለክታ ቆረጠች፤ ጠቀለለች፤ አስቀመጠች።

«ለማን ለማን ነገርሽ?» አለችኝ።

«ለዶክተሯ፣ ለደሳለኝ፣ አሁን ላንቺ።»

«እኔማ እንዳላበላሁሽ አውቃለሁ» አለች። «ለኔ መንገር ምን ያደርግልኛል? እዚያ ያወራሽበት ሄደሽ ንገሪልኝ።»

ጋሽ ማቴዎስን የምስክርነት ጊዜ እንዲሰጡኝ ጠየቅኋቸው። ምን እንደምናገር ሳልደብቅ ነገርኳቸው። «እህት ማርታ፣ በጓዳ ንስሐ ግቢ። የዳንሽበትን ምስክርነት ሰው ሁሉ ሰምቶታል። አሁን ይህ ቢወጣ የጌታ ስም ይሰደባል» አሉኝ። «የሚሰደበውስ የኔ ስም ነው» አልኳቸው። በመጨረሻ እሺ አሉ።

እሑድ ወጣሁ። ከመቀሱ ጀመርኩ። ያች የሕፃኑ እናት ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ስሟን ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኋት። ከዚያ ዛጎሉን ተናገርኩ፤ የጨበጥኩትን እጅ ተናገርኩ፤ የጽጌን ስም ከነአባቷ ስም ጠራሁ። «አላበላችኝም፤ ተሸክማ ያዳነችኝ እሷ ናት» አልኩ። እልል ያለ የለም። አንዲት አሮጊት ብቻ ከኋላ «አቤት፣ አቤት» ሲሉ ሰማሁ።

ጨርሼ በጎን በር ስወጣ የውጭው ድምፅ ማጉያ ጸጥ ብሏል። ዝማሬ ተጀምሯል፤ ድምፁ ግን ከአዳራሹ አይወጣም። ጋሽ ማቴዎስ በሩ አጠገብ ቆመዋል።

«አንቺ ስትጀምሪ አስጠፋሁት» አሉኝ። «ለበጎ ነው። ሰዎቻችን ሰምተዋል፤ ይበቃል።»

መንገዱን ተሻገርኩ። ይህን ስጽፍ ጽጌ ላፍቶ ሱቅ ተከራይታ ሄዳለች። ጋሽ ማቴዎስ በኋላ «ትቆይ» ብለዋት ነበር፤ እሷ ናት እምቢ ያለችው። ክር ለመግዛት ታክሲ ይዤ ላፍቶ እሄዳለሁ፤ ትሸጥልኛለች፤ ትስቅልኛለችም፤ ግን ቀለሙን ትጠይቀኛለች። እናንተም በሄዳችሁበት ባሕር ያማረ ነገር ብታዩ በዐይናችሁ ይብቃችሁ። ሐኪም ምን ወጋችሁ ብሎ ሲጠይቃችሁ ደግሞ የፈለገውን ያህል ቢያሳፍር ንገሩት፤ ያልተናገራችሁት ነገር ሄዶ ሌላ ሰው ይወጋል። አሁን የዚያን እሑድ ልጨርስ።

ጽጌ ሱቋ በር ላይ በርጩማ አውጥታ ተቀምጣ ነበር። ከቅዳሴ መልስ ነጠላዋን ገና አላወለቀችም። ነግሬያት ስለነበር ልትሰማ ነው የተቀመጠችው።

«ተናገርሽ?» አለችኝ።

«ተናገርኩ።»

«እኔ ምንም አልሰማሁም። መዝሙሩ ይሰማ ነበር፤ ከዚያ ጠፋ። እኔ ላይ ያወራሽ ለታ እኮ ታክሲ ተራው ድረስ ነበር የተሰማው።»

መንገዱ ሰው ሞልቶታል። ረዳቶቹ «ጀሞ! ጀሞ!» ይላሉ። ማዶ ባለ ሙዝ ቤቱ አለ፤ ከጎኑ ሸቀጣ ሸቀጥ የምትሸጠው ልጅ አለች፤ ልጇ ከጽጌ ከረሜላ እንዳይቀበል የከለከለች አንዲት እናትም ዳቦ ይዛ እያለፈች ነው። ሁሉም የመጀመሪያውን ሰምተዋል።

ከበርጩማው አጠገብ ቆምኩና ጀመርኩ። «ሰዎች፣ ስሙኝ። እኔ ማርታ ነኝ። ጽጌ መርዝ አብልታኛለች ያልኩት ውሸት ነው» አልኩ። ድምፄ ሟሽሾ ወጣ። ሁለት ሦስት ሰው ዞር አለ። ሴትዮዋ ዳቦዋን እንደያዘች ቆመች። ፊቴ ተቃጠለ፤ መሬት ብትከፈትልኝ እገባ ነበር።

ጽጌ ቀና ብላ አየችኝ። ዐይኗ እንባ አቅርሯል።

«ድምፅሽን ከፍ አድርጊው» አለችኝ። «ማዶ ያሉት አልሰሙም።»